ፊቱን ወደ ግድግዳ ያዞርኩት ሸራ

የሠዓሊዋን ስም የማልጽፈው ረስቼው አይደለም። ዛሬ በሕይወት የሉም፤ በአገራቸው ደግሞ የሞተ ሰው ስም አይጠራም። እንዲህ ስል ያጋነንኩ የሚመስለው ሰው አይጠፋም። ባላቸው የሞቱ ጊዜ የሟቹ ሞክሼ የነበረ ጎረምሳ ወዲያው ሌላ መጠሪያ ተሰጠው፤ የሟቹ ፎቶግራፍም ከግድግዳ ወረደ። ይህን የነገሩኝ ራሳቸው ናቸው፤ ሲያትል፣ ቢከን ሂል ላይ፣ በአክስቴ ቤት፣ ሶፋው ባዶውን እያለ ምንጣፉ ላይ ቁጭ ብለው ብርቱካን እየላጡ።

ጊዜው በፈረንጆቹ አቆጣጠር የሰማንያዎቹ መጨረሻ ነው። እኔ ያኔ ሶዶ በሚባለው የሲያትል የመጋዘኖች ሰፈር ውስጥ፣ አንድ ጋለሪ ዕቃውን በሚያስቀምጥበት መጋዘን እሠራ ነበር። ተጠቅልለው የሚመጡ ሥዕሎችን በእንጨት ፍሬም ላይ እወጥራለሁ፤ ሸራውን በፒንሳ ስቤ ከኋላ በስቴፕለር ሽቦ እመታዋለሁ። ጣቶቼ ይቆስላሉ፣ ቢሆንም የሆቴል አልጋ ከማንጠፍ በስንት ጣዕሙ።

ሠዓሊዋ ከአውስትራሊያ ምድረ በዳ የመጡ፣ አቦርጂን ከሚባለው የዚያ አገር ነባር ሕዝብ የተወለዱ ሴት ናቸው። ጋለሪው ሥዕሎቻቸውን ሊያሳይ ጋብዟቸው ጥሩ ሆቴል ያዘላቸው። አንድ ሌሊት አደሩና በማግስቱ፣ "ሰው በሌለበት ክፍል አልተኛም" አሉ። የጋለሪው ባለቤት ክፍሉ ጠቧቸው መስሎት ሰፊ ሊያስቀይርላቸው ስልክ አነሣ። ሳቄ መጣ። "ተወው፣ እኛ ቤት ይምጡ" አልኩት።

አክስቴ የአባቴ እህት ናት። በአረጋውያን መጦሪያ ልብስ ታጥባለች፣ እሑድ እሑድ ከቸርች አትጠፋም። ሠዓሊዋም ሚሲዮን ያሳደጋቸው ስለሆኑ መዝሙሩን በዜማው ይለዩታል፤ ሁለቱ በስብርባሪ እንግሊዝኛ ተግባቡ። በእሳቸው ዘንድ አብሮ የሚኖር ሰው ባዳ ሆኖ አይቀመጥም፣ የዝምድና ቦታ ይሰጠዋል። አክስቴን "አንቺ እህቴ ነሽ" አሏት። ስለዚህ አባቴ ወንድማቸው፣ እኔ የወንድማቸው ልጅ ሆንኩ። "ታዲያ ወንድማችን የት ነው?" ብለው ጠየቁ። ሞቷል አልናቸው። አንገታቸውን ደፉና አክስቴን፣ "እንዴት አድርጋችሁ አለቀሳችሁለት?" አሏት። አክስቴ እሳት ላይ የጣደችው ነገር ያለ ይመስል ተነሥታ ወደ ወጥ ቤት ገባች። ምንም አልጣደችም ነበር።

እዚህ ላይ የራሴን ነገር ካልተናገርኩ የቀረው አይገባም። በእኛ አገር መርዶ በወግ ነው የሚነገረው፤ ዘመድና ሽማግሌ ተሰብስቦ፣ በማለዳ፣ ሰውየው ቢወድቅ የሚይዘው ባለበት። ሲያትልም ያው ነው። ቅዳሜ ጠዋት ከደጃችሁ የምታውቋቸው መኪኖች ተደርድረው ካያችሁ ሰው እንደሞተባችሁ ታውቃላችሁ። ወጉን አልነቅፍም። የምነቅፈው እስከዚያች ጠዋት ድረስ የሚዋሸውን ውሸት ነው። ከዚያ ቀደም አባቴ አዲስ አበባ ሲሞት እኔ እዚህ ትምህርት ላይ ነበርኩና "እስክትጨርስ" ተብሎ አክስቴ ብርዳሙን የሲያትል ክረምት በሙሉ ደበቀችኝ። በዚያ መሃል ዋይት ሴንተር ካለ ልባሽ ሱቅ ለአባቴ ኮት ገዛሁ፤ ግራጫ፣ ወፍራም። ልኩ ቢቸግረኝ አክስቴን ይዣት ሄድኩ። "ትከሻው ሰፊ ነው፣ ከፍ ያለውን ውሰጂ" አለችኝ። ለሞተ ሰው ኮት አስመረጠችኝ!

የቸርች ሰዎች መጥተው ሲያረዱኝ ጮኼ አለቀስኩ። እሷ ግን እንባ ጠብ አላለላትም። "የጌታ ፈቃድ ነው" ብላ በማግስቱ ሥራ ገባች። ኮቱ ቁም ሳጥን ውስጥ ቀረ፣ ቂሜም ከእሱ ጋር። አብረን እንበላ ነበር፤ በልቤ ግን፣ ይህች ሴት ድንጋይ ናት እል ነበር።

ወደ ሥዕሉ ልመለስ። ከመጡት ሥራዎች ዋናው ከእኔ ቁመት የሚበልጥ ሸራ ነው። የሠዓሊዋ አባት አገር ውሃ ተሥሎበታል፤ በአለት መሃል ያለ ኩሬ፣ ወደ እሱ የሚወስዱ መንገዶች፣ ዙሪያውን የተቀመጡ ሴቶች፣ ሁሉም በነጥብ ላይ ነጥብ። ያንን ውሃ ያሻው ሰው ተነሥቶ አይሥለውም፤ እንደ ርስት ከወላጅ የሚወረስ መብት ነው። ድሮ የሚሣለው በአሸዋና በሴቶች ገላ ላይ፣ ለሥርዓታቸው ቀን ነበር። ሸራና ቀለም የመጣላቸው በኋላ፣ መንግሥት ከየበረሃው ሰብስቦ ባሰፈራቸው ጣቢያ ነው። ነጥቡም ለውበት ብቻ አይደለም፣ ባዳ ማየት የሌለበትን ይሸፍናል። "እናንተ የምታዩት ክዳኑን ነው" አሉኝ።

ይህን ሸራ ግን ብቻቸውን አልሠሩትም። ታላቅ እህታቸው ከአንዱ ጫፍ፣ እሳቸው ከሌላው፣ መሬት ላይ ተቀምጠው እየዘፈኑ መሃል ላይ እስኪገናኙ ሣሉት። የእህታቸው ነጥብ ትልልቅና ችኩል ነው፣ የእሳቸው ደቃቅ። "አለቃዋ እሷ ናት፣ እኔ ተከታይ ነኝ" ይላሉ፣ የእህታቸውን ስም ሳይጠሩ ወሬ አይጨርሱም። የሸራው ቀለም በመንገድ ላይ ትንሽ ተልጦ ስለነበር፣ ገና ሳልወጥረው ወለል ላይ እንደተዘረጋ ሊያድሱት ጫማቸውን አውልቀው ሥዕሉ መሃል ቁጭ አሉ። የጋለሪው ባለቤት በዚያች ሰዓት ገባ፤ ፊቱ አመድ መሰለ። "እባክዎ ከሥዕሉ ላይ ይነሡልኝ!" ቢላቸው፣ "ታዲያ በየት በኩል ልድረስበት?" አሉት። እሱም ትንሽ ተረጋግቶ የትኛው ጎን ወደ ላይ እንደሚሰቀል ጠየቃቸው። ሥዕሏ መሬት ተኝታ እንጂ ቆማ አታውቅም አሉት። ያን ቀን ሆዳችንን ይዘን ሳቅን።

መክፈቻው ቅዳሜ ነበር። ሠዓሊዋ በዚያ ሸራ ፊት ቆመው፣ በተሰበሰበው ሰው ፊት፣ የእህታቸውንና የውሃውን ታሪክ ሊናገሩ ነው። ሐሙስ ከሥራ ስገባ አክስቴ ወጥ ቤት ጠራችኝና በሩን ዘጋች።

"ከአውስትራሊያ ኮል አድርገው ነበር፣ ሥዕላቸውን የሚሸጥላቸው ቢሮ ሰውዬ። እህታቸው አርፈዋል።"

"ነገርሻቸው?"

"ምን ነክቶሽ ነው! ቅዳሜ ፕሮግራም አላቸው አይደለም እንዴ? ሶ፣ እሑድ ከቸርች በኋላ ሽማግሌዎች ይመጣሉ። ሰውየውን፣ ኦኬ፣ እኛ እንነግራቸዋለን ብዬዋለሁ።"

"እትዬ፣ የእሳቸው ወግ ሌላ ነው። ቅዳሜ ቆመው የሞተ ሰው ስም ሊጠሩ ነው እኮ! ቀብሩም እሳቸውን ነው የሚጠብቀው። የቀረ ዘመድ፣ ሞቷን ፈልጎ ነው ይባላል።"

"ላላወቁት ነገር ማን ይፈርድባቸዋል?" አለችና ድምጿን ዝቅ አደረገች። "ብቻሽን ሆነሽ መርዶ እንዳትናገሪ። ሰው እጅሽ ላይ ቢቀር ምን ይውጥሻል?"

ሠዓሊዋ እራት ላይ ከእህታቸው ጋር ልጆች ሳሉ ከሚሲዮኑ ጠፍተው የሄዱበትን ቀን አወሩ። እህታቸው ፊት ፊት፣ እሳቸው ኋላ ኋላ፣ የአባታቸውን ውሃ ፍለጋ። ስሟን እየጠሩ ይስቃሉ። አክስቴም እየሳቀች ዳቦ ታቀብላቸዋለች። ያ ሳቅ ኮቱን ስንመርጥ ያየሁት ሳቅ ነበር። ሳህኔን ይዤ ተነሣሁ።

ዓርብ ጠዋት መጋዘኑ ውስጥ ሁለታችን ብቻ ነበርን። ሸራውን ወጥሬ ጨርሼ ግድግዳ ላይ አስደግፌዋለሁ። እሳቸው ፊቱ ቆመው የነገውን ንግግር ይለማመዳሉ። አሁንም ያንን ስም ጠሩ። ደግመው ጠሩት። ልንገራቸው ብዬ አፌን ከፈትኩ፣ ቃል ግን አልወጣም። እንግሊዝኛ አጥቼ አይደለም። ብቻውን ሆኖ፣ በቁም፣ እንዲህ ሲያረዳ ያየሁት ሰው አልነበረም። እንዲናገሩ ልተዋቸውም አልቻልኩም። ሄጄ የፍሬሙን ጎን በሁለት እጄ ያዝኩ፣ ሸራውን አንገዳግጄ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞርኩት።

ሠዓሊዋ የስሙን ግማሽ ዋጡት። የሸራውን ጀርባ አዩ፣ እኔን አዩ። ማን ሞተ ብለው አልጠየቁም፣ ያን ውሃ ከእሳቸው ጋር የሣለ ሌላ ሰው የለም። ከዚያ ያወጡት ድምፅ እስከ ዛሬ ጆሮዬ ውስጥ አለ። ጠረጴዛው ላይ የነበረውን መዶሻ አንሥተው ግንባራቸውን ሊመቱ ሲሉ እጃቸው ላይ ተንጠለጠልኩ። ለካ እነሱም እንደ ድሮዎቹ እናቶቻችን ለሐዘን ገላቸውን ያቆስላሉ። ተያይዘን ሲሚንቶው ላይ ወደቅን፣ እዚያው ተቀምጠን አለቀስን።

የጋለሪው ባለቤት ጩኸቱን ሰምቶ ሮጦ መጣ። ነገሩን ስነግረው በእውነት አዘነ። ቆይቶ ግን፣ ሥዕሉ በመጥሪያ ካርዱ ላይ ወጥቷል፣ ሰውም የሚመጣው እሱን ብሎ ነው፣ እሳቸው ባይናገሩም ይሰቀል አለ። ሠዓሊዋ ራሳቸውን ነቀነቁ፤ የሟች እጅ ያለበት ሥራ ሐዘኑ እስኪያበቃ አይታይም። "አንዴ ተስማምተናል እኮ" አለ። እኔ ቁጡ ነኝ፣ አልክደውም። ፒንሳዬን አነሣሁና ሽቦዎቹን እየነቀልኩ መጣል ጀመርኩ። "ይህን ካደረግሽ ሰኞ አትምጪ" አለኝ። "አልመጣም!" አልኩትና ሸራውን ጠቀለልኩት። ክፉ ሰው ነው እንዳልል፣ የሠዓሊዋን የአውሮፕላን ቲኬት ለቅዳሜ ያስለወጠው እሱ ነው። እኔን ግን ሰኞ አልጠራኝም።

ቤት ስንደርስ አክስቴ ከፊታችን አነበበችው። "ነገርሻቸው?" አለችኝ በአማርኛ። ሠዓሊዋ ምንጣፉ ላይ ተቀመጡና አንጋጠው አዩዋት።

"ከመቼ ጀምሮ ታውቂያለሽ?"

"ከትናንት" አለች አክስቴ።

"ትናንት ማታ ስሟን ጠራሁ። አንቺ ዳቦ ሰጠሽኝ።"

ይህንን እኔ ስለ ኮቱ ልላት ስፈልግ ኖሬ ነበር፤ እንዲህ አጭር ሆኖ ይወጣል ብዬ ግን አስቤ አላውቅም። አክስቴ ወጥ ቤት አልገባችም። ሠዓሊዋ መቀስ ለመኑ፤ በእነሱ ወግ ዘመድ የሞተባት ሴት ጸጉሯን ትቆርጣለች፣ የምትቆርጥላትም ዘመድ ናት። መቀሱን ለእኔ ሳይሆን ለአክስቴ ሰጧት። "እህቴ ነሽ፣ ቁረጪ" አሏት። አክስቴ ከኋላቸው ተንበርክካ ትቆርጥ ጀመር፣ ሽበት ያለበት ጥቅል ጸጉር ምንጣፉ ላይ ይወድቃል።

ሠዓሊዋ ሳይዞሩ፣ "ለወንድማችን አላለቀስሽም" አሉ።

የአክስቴ እጅ ቆመ።

"የት ላልቅስ?" አለች። መጀመሪያ በእንግሊዝኛ፣ ከዚያ ወደ እኔ ዞራ፣ በመቀሱ እያመለከተችኝ፣ በአማርኛ። "የት ላልቅስ? አንቺ ቤት ውስጥ ነበርሽ! እራት ላይ፣ አባዬ እንዲህ ይላል እያልሽ ትስቂያለሽ። ትከሻው ሰፊ ነው ያልኩሽ ቀን ሥራ ገብቼ ማሽኑን በባዶው አስነሥቼ፣ ድምፄን እንዳይሰሙብኝ፣ የመጦሪያውን አንሶላ አፌ ላይ ይዤ ነው ያለቀስኩት። ሽማግሌዎቹ የመጡ ቀን ደግሞ አንቺን ልያዝ ወይስ እኔ ልውደቅ? ለአንቺ አባት ነው። ለእኔስ? ወንድሜ አልነበረም?"

አሁንም መደበቋ ስሕተት ነበር እላለሁ፣ እስክሞት እላለሁ። ነገር ግን ያን ክረምት ሙሉ ከእኔ ጋር አንድ ማዕድ ላይ የተቀመጠችው ሐዘንተኛ እንደሆነች አንድ ቀን አስቤ አላውቅም ነበር። ሠዓሊዋ እጃቸውን ወደ ኋላ ሰደው ጉልበቷን ያዙ። አክስቴ በቸርቿ የማይፈቀደውን ለቅሶ አወጣችው፤ ደረቷን እየመታች "ወንድሜ! ወንድሜን!" አለች፣ ስሙን ሳትጠራ። መቀሱ ከእጇ ወደቀ። አንሥቼ የሠዓሊዋን ጸጉር እኔ ጨረስኩት፣ በማግስቱም ለመንገዱ ግራጫውን ኮት አለበስኳቸው።