በወፍ ፍላጻ መሃል የተደበቀችው

ፑንዲያ ልጁ ዋምባሜ ወንዝ ማዶ በሰላም መገላገሏን ሲሰማ የሚሆነውን አጣ። የመጀመሪያ የልጅ ልጁ ነው። ጎጆው ገብቶ ከጣራው ሥር የተሰካውን የወፍ ፍላጻ እስር መነጨቀው።

«ኧረ ቀስ በል! ፈተህ ምረጥ እንጂ፣ እስሩን እንዳለ ይዘህ ልትሮጥ ነው?» አለች ሚስቱ፣ ስኳር ድንቿን ከረመጥ እያወጣች።

«ምኑ ይመረጣል? ሁሉም የወፍ ነው። አራሷ የእርግብ ሥጋ ሳትቀምስ ትዋል እንዴ?»

መምረጡን እንኳ አሳምሮ ያውቅበታል። ባለ ሦስት ጣቱ ቅጠል መሃል ለተሸሸገች ወፍ ነው። ዱልዱሙ ላባዋ እንዳይበላሽ ለሚፈለግ ወፍ፣ ሰፊው ቀርከሃ ለአሳማ። ጥርስ የተቀረጸበት ባለ አጥንቱ ግን ለሰው ነው፤ ከአደን ፍላጻ ጋር አይታሰርም። እሱን ይዞ ወንዝ የተሻገረ ጦርነት ይዞ ተሻገረ ማለት ነው።

ወንዙ ዳር አማቹ ላምቡ እየሳቀ ተቀበለው።

«አባባ፣ በእግርህ ነው በክንፍህ የመጣኸው? እርግቦቹ እዚያ ዛፍ ላይ ናቸው። ቆይ ዱልዱሙን ላውጣልህ፤ ላባውን ለልጁ ራስ እናደርግለታለን።»

እስሩን ተቀብሎ ጫፎቹ የተጠቀለሉበትን ደረቅ የሙዝ ቅጠል አንድ በአንድ ይፈታ ጀመር። ፑንዲያ ያኔ ትዝ አለው። ወይ ጉድ! ስንት ዓመት ሙሉ እጁ እያወቀ ሲዘላት የኖረውን ባለ አጥንት ፍላጻ፣ ዛሬ ደስታው አስረሳው። «ተው፣ እኔ ልፍታው» ሊል አፉን ሲከፍት ቅጠሉ ወደቀ፤ ጥርሶቿ ብቅ አሉ።

የላምቡ ሳቅ ጠፋ። «ይቺስ ለየትኛዋ ወፍ ናት?»

የፑንዲያን ወንድም የገደለው የላምቡ አባት ነው። አሳማ ታርዶ እርቅ ሲወርድ፣ የሁለቱም ወገን ወንዶች የሰው ፍላጻቸውን ሰብረው ወንዝ ውስጥ ጥለዋል። ፑንዲያም ሰብሯል፤ ልጁንም ድሯል። ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት ይሉ የለ!

ዋምባሜ ሕፃኑን ከግንባሯ በተንጠለጠለችው የልጥ ከረጢት አዝላ መጣች። ፍላጻዋንም፣ የባሏንም ፊት አየች።

«አባዬ፣ ይቺን ለማን ነው ያስቀመጥካት?»

ረስቻት ነው ሊል ነበር። ምላሱ እምቢ አለው። «ለሌላው አያቱ፣ ለላምቡ አባት» አለ።

ወዲያው ፍላጻዋን ከላምቡ እጅ ቀምቶ በጉልበቱ ላይ ቀሽ አደረጋት። «ይኸው! በቃ፣ ሰበርኳት። አሁን ልጁን አሳዪኝ።»

ዋምባሜ ስባሪውን አየች።

«በእርቁ ቀንም ሰብረህ ነበር። እኔም ቆሜ አይቻለሁ። ያኔ የሰበርከው ምንድን ነበር?»

ፑንዲያ ዓይኑን ወንዙ ላይ ተከለ።

«በቅጠል ጠቅልዬ... የወፍ ፍላጻ ነበር።»

ዋምባሜ የከረጢቷን አፍ ሰብስባ በልጇ ፊት ላይ ከደነችና ወደ ባሏ ቤት ተመለሰች።