ለብስክሌቴ ዋስ የሆኑት አባ

«ዋስህን ጥራ» ሲሉኝ ላብ አጠመቀኝ።

ያገለገለች ብስክሌቴን ልሸጥ ዛሬ ቅዳሜ ገበያ አውጥቻት ነበር። ከገነተ ማርያም የመጡ አንድ አዛውንት ለልጃቸው ወደዷትና በቅሎ እንደሚገዛ ሰው ዙሪያዋን እየዞሩ ያዩዋት ጀመር።

«ነውሯን ንገረኝ» አሉኝ። ፍሬኗ ቁልቁለት ላይ እንደማይዝ እያወቅኩ «ነውር የላትም አባቴ» አልኳቸው።

እዚህ አገር በቅሎ ያለ ዋስ አይሸጥም። እሳቸው ደግሞ ብስክሌቷን ከበቅሎ አልለዩዋትም። ሰው ተሰበሰበ፤ ሁሉም እንደ ሌባ የሚያየኝ መሰለኝ።

በዚህ መሀል የሰፈራችን ቄስ ብቅ አሉ። «የእሱ ናት፤ እኔ ዋስ ነኝ» አሉ።

ተመስገን ብዬ ሳልጨርስ ቀጠሉ፦ «አምና የገጨኝ በእሷ ነው። ያኔም ፍሬኗ አልያዘም።»

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ገዢው ግን ሳቁ። «ዋስህስ እውነተኛ ናቸው። አሠራትና እወስዳታለሁ» አሉኝ።

አሁን ቁልቁለቱ አናት ላይ ካለው ብስክሌት ሠሪ ጋ ነን። ፍሬኑን ጨርሻለሁ ይላል።

አባ «ዋሱ እኔ ነኝ፤ ቁልቁለቱን ሳልወርድባት አትሸጥም» ብለው ጋቢያቸውን ወገባቸው ላይ እያሰሩ ነው።

እናንተስ ዋሳችሁ እንዲህ አስጨንቋችሁ ያውቃል? እስኪ ጻፉልኝ፤ ስልኬ ላይ ላንብብ፣ ወደ ቁልቁለቱ ማየት አልቻልኩም።