ለብረት የተቀባ የመስቀል ቅቤ

የልጄ ላንድሮቨር ከስሩ እንዳይዝግ መካኒኩ ግራሶ ሲቀባው፣ ሽታው ጣሊያን ወደገባባት ቡታጅራ መለሰኝ።

የስድስት ዓመት ልጅ ነበርኩ። አንድ የጣሊያን መኮንን እናቴ ለመስቀል ያጠራቀመችውን ቅቤ ከነማሰሮው አስወጣና፣ አባቴን መኪናው ስር አስተኝቶ ብረቱን አስቀባው።

"ልጆቼ ያልቀመሱትን ለብረት?" ብላ እናቴ ጮኸች።

"ብረት ይዝጋል፤ ልጆችሽ አይዝጉም" አላት የመኮንኑ አስተርጓሚ እየሳቀ።

አባቴ ከስር ሲወጣ እጁ እስከ ክርኑ ቅቤ ነበር። ጣቱን ልልስ ስጠጋ በጥፊ አጮለኝ። ከዚያ በፊት መትቶኝ አያውቅም።

"የእነሱን ትራፊ አትልሺም!" አለኝ።

የገዛ ቅቤያችን እንዴት የእነሱ ትራፊ እንደሆነ ያኔ አልገባኝም።

"እማማ፣ ሽታው ረበሸዎት?" አለኝ መካኒኩ።

"አይ ልጄ፣ ንዴት ነው" አልኩት። "እስከ ዛሬ አልበረደልኝም።"