ወደ ጉሬዛዎቹ ያወጣሁት አቋራጭ

ባለፈው ቅዳሜ ጠዋት ዳቦ ልገዛ ወጥቼ ኮልፌ 18 ማዞሪያ ላይ የጎረቤቴን ልጅ ሀዋን አገኘኋት። ቦርሳ አዝላ ከጓደኞቿ ጋር ሚኒባስ ትጠብቃለች። የወጨጫን ተራራ ጫካ ሊያዩ ነው።

"ጋሼ፣ እርስዎ በወጣትነትዎ እንግዳ ያስጎበኙ ነበር አሉ። ቶሎ የሚያደርስ መንገድ ያውቃሉ?" አለችኝ።

"ዋናውን ያዙ። ይረዝማል፣ ግን ደስ ይላል" አልኳት። ሚኒባሱ መጣና ሄዱ። እኔ ዳቦውን ረስቼ እዚያው ቆሜ ቀረሁ።

ያኔ ሃያ ሦስት ዓመቴ ነበር። አብሮ አደጌ ኑረዲን የአባቱን ሚኒባስ ይነዳል፣ እኔ የተሰባበረ እንግሊዝኛ እናገራለሁ፤ በዚህችው አስጎብኚዎች ሆንን። በየቤርጎው ያረፉ እንግዶችን ጭነን የአምቦን መንገድ እንይዛለን። የኑረዲን እናት እትዬ ዘሀራ ለእንግዶቹ ብለው ዘንቢል ሙሉ ሳምቡሳ ይሰጡናል፤ ተራራው ግርጌ እስክንደርስ ግማሹን እኛው ጨርሰነዋል። ጫካው ውስጥ ሲገባ አየሩ ሌላ ነው፤ የጥድ ሽታ፣ የእርጥብ ቅጠል ሽታ፣ አንገት ላይ ጠብ የሚል ጤዛ። ለፍላፊ ነበርኩ፣ እዚያ ስገባ ግን ሳላስበው ድምፄን ዝቅ አደርግ ነበር።

የጫካው ጠባቂ ጋሽ በዳዳ ይባሉ ነበር። ቀጭን፣ ረጅም፣ ሲስቁ ሸለቆው የሚሰማቸው ሰው። የተከሏትን እያንዳንዷን ችግኝ ያውቋታል። ጉሬዛዎቹ የሚውሉባቸው ትልልቅ ዛፎች ጋ የሚወስደው መንገድ ተራራውን እየዞረ ሁለት ሰዓት ያስኬዳል። እንግዶቼ ይደክማቸውና ብዙዎቹ ሳያዩ ይመለሳሉ። ይሄ ያንገበግበኝ ነበር። አንድ ቀን ገጀራ ይዤ፣ ቁጥቋጦውን እየመነጠርኩ፣ ዳገቱን ቀጥ ብሎ የሚወጣ አቋራጭ አበጀሁ። ሃያ ደቂቃ! ኩራቴን አትጠይቁኝ።

ወሬው ተዳረሰ። ሌሎች አስጎብኚዎችም በእኔው መንገድ እንግዳ ያወጡ ጀመር፤ በበጋው ማለቂያ መንገዷ ጋሪ የምታሳልፍ ሆነች።

"ልጄ፣ ሰው መምጣቱስ ደስ ይለኛል" አሉኝ ጋሽ በዳዳ። "ይቺ መንገድህ ግን ቀጥ ብላ ነው የምትወርደው። ዝናብ ሲመጣ ውሃው እሷን ይዞ ነው የሚሄደው።"

"ኧረ ጋሽ በዳዳ፣ የሰው እግር ምን ያደርጋል ብለው ነው!" ብዬ ሳቅኩ።

ክረምቱ ገባና ሁለት ወር ከምናምን ሳንሄድ ቀረን። መስከረም ላይ እንግዶች ይዘን ስንመለስ፣ በአቋራጬ ቦታ ሰው የሚውጥ ቦይ ጠበቀኝ። ጎርፉ አፈሩን ጠርጎ፣ የጋሽ በዳዳን ችግኞች ነቅሎ፣ ከታች ያሉት ገበሬዎች የሚጠጡትን ምንጭ በደለል ደፍኖታል። ጉሬዛዎቹም የሉም።

ጋሽ በዳዳን ምንጩ ዳር ደለል ሲዝቁ አገኘኋቸው። ስድብ ነበር የጠበቅኩት። ቀና ብለው አዩኝና አጠገባቸው ካነደዱት እሳት ላይ አንድ እሸት በቆሎ አንስተው ሰጡኝ።

"ብላ። በባዶ ሆድ አይቆፈርም።"

በቆሎውን እንደያዝኩ፣ "ይቅር ይበሉኝ" አልኳቸው።

"እኔን ተወኝ። እነሱን ጠይቅ" አሉኝ፣ ከሩቅ ወንዝ ቀድተው ጀሪካን አዝለው የሚመጡ ሴቶችን በአገጫቸው እያሳዩኝ።

ሄጄ ጠየቅኩ። አንደኛዋ ጀሪካኗን አወረደች። ከዚያ ምንጩ ዳር የነበረ አካፋ አንስታ አቀበለችኝ።

ያን ወር እንግዳ አልጫንንም። ኑረዲን አንድም ቀን ሳይነጫነጭ፣ ሚኒባሱን በኮልፌ ጎረምሶች ሞልቶ ያመላልሰን ነበር። ቦዩን በድንጋይና በቅርንጫፍ ዘጋን፤ አፈሩ ሳይደርቅ ችግኝ ተከልን። ምንጩ በሦስተኛው ሳምንት ጠራ። ጉሬዛዎቹ ግን እስከ ቀጣዩ ዓመት አልመጡም። የተመለሱ ቀን ጋሽ በዳዳ አቅፈውኝ እንደ ሕፃን ከመሬት አነሱኝ።

ዛሬ እሳቸው በሕይወት የሉም። ኑረዲንና እኔ በዓመት አንዴ፣ ጉልበታችንን እያሻሸን እንወጣለን። ያ ቦታ ለማያውቀው ሰው እንደሌላው ጫካ ነው፤ እኔ ግን እዚያ ጋ ያሉት ጥዶች ከጎረቤቶቻቸው እንደሚያጥሩ አያለሁ። ሰው ጫካ ሊያይ መሄዱን አልጠላም፤ ብዙ ነገር የተማርኩት እንግዳ ይዤ ስመላለስ ነው። ለሀዋ ግን መንገዱን ብቻ ነግሬ መሸኘቴ ቆጨኝ። ጫካውን ያበላሸሁት ንቄው አልነበረም። በጣም ስለወደድኩት፣ ሰው ሁሉ ቶሎ እንዲያይልኝ ቸኩዬ ነበር። ይሄንን ነበር ልነግራት የሚገባኝ።