ኮምቦልቻ ወርጄ እሞቃለሁ

አክስቴ ካረፉ ዓመት ሊሞላ ነው፤ ገናን ያለ እርሳቸው መዋሉ ከወዲሁ ከብዶኝ ነበር።

አብዮቱ ከመጣ ወዲህ ደሴ ውስጥ ከቀበሌው ሱቅ ስኳርና ሳሙና ማግኘትም ትልቅ ነገር ነው፤ ለገና ስጦታ ልግዛ የሚል ሰው የለም። አክስቴ ግን በዓሉ ሲቃረብ የገዛ ራሳቸውን ቡኒ ሹራብ ከግርጌው ይተረትሩና በክሩ ለአንዳችን ኮፍያ፣ ለሌላችን የአንገት ልብስ ይሠሩልን ነበር። አንድ ጊዜ ለሙስሊም ጎረቤታችን ልጅ ካልሲ ሲሠሩ አየሁና፣

«እትዬ፣ ገና እኮ የእነሱ በዓል አይደለም» አልኳቸው።

«ብርዱስ የማን ነው?» አሉኝ፤ ቀናም አላሉ።

ሹራቡ በየዓመቱ እያጠረ ሄዶ ወገባቸውን መሸፈን ተወ። «እርስዎስ ምን ሊለብሱ ነው?» ስንላቸው መልሳቸው አንድ ነበር።

«እኔ ኮምቦልቻ ወርጄ እሞቃለሁ።»

ኮምቦልቻ እዚሁ ከቁልቁለቱ ሥር ነው። አንድ ቀን እንኳ ሳይወርዱ አረፉ።

ዘንድሮ ለገና እኔ ወረድኩ። ፀሐዩ ከረር ያለ ነው፤ ሰው ሁሉ በሸሚዝ ይሄዳል። እኔ ግን እርሳቸው የሠሩልኝን የአንገት ልብስ ቀኑን ሙሉ አልፈታሁትም። እርሳቸውን ይሙቃቸው ብዬ ነው።