በብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ ያሉ ፈረሰኞች

ሱሪዬን ላሳጥር እንጅባራ ወደ ልብስ ሰፊው አበረ ጎራ ባልል ኖሮ ይህን አላይም ነበር። ከል የለበሱ አሮጊት ዝናቡን ሸሽተው በረንዳው ሥር ቆመዋል። አበረ ከብስኩት ቆርቆሮ መዳፍ የማታክል ፎቶ አወጣ፤ ጀርባዋን አነበበ፣ በላስቲክ ጠቀለለና የራሱን ጃንጥላ ጨምሮ ሰጣቸው። መያዣ ሊሰጡት የነጠላቸውን ጫፍ መፍታት ሲጀምሩ እጃቸውን ያዘ።

«ተዝካሩ ሲያልፍ ይመልሱልኛል። እግዜር ያጽናዎት።»

አሮጊቷ እናትነሽ ይባላሉ፤ የሟቹ ፈረሰኛ የኪዳኑ ባለቤት ናቸው።

አበረ ልጅ ሳለ፣ በየዓመቱ ጥር ላይ አንድ ፎቶ አንሺ የጉግስ ጋላቢዎችን ከነፈረሳቸው እያነሳ በካርድ ለልጆች ይሸጥ ነበር። የሌሎቹ ልጆች ካርድ በጨዋታ አለቀ፤ የአበረ ስድሳ አንዱ ተረፈ። በጀርባቸው የተጻፈው የፈረሱ ስም ብቻ ነው፤ ያን ጊዜ ጋላቢውን የማያውቅ ማን ነበረና! ዛሬ ጋላቢዎቹ አንድ በአንድ እያረፉ ነው። ብዙዎቹ ሌላ ፎቶ ስለሌላቸው፣ ሙሾ ሲወርድ ከፊት የሚያዝ ፎቶ ፈላጊ ሁሉ ወደ አበረ ይመጣል።

አሁን ደግሞ አንድ ባለሆቴል ከባሕር ዳር ደውሎ ሙሉውን ገዝቶ አዳራሹ ውስጥ ሊሰቅለው ለቅዳሜ ቀጥሮታል። ገንዘቡ የሚያፈሰውን የአበረን ጣሪያ ያስቀይራል። አበረ ግን ገና ልቡ አልቆረጠም።

የበረንዳው ባለቤት ነጋዴው ሳሊሕ ይቀልድበታል። «አንተ ሰውዬ፣ ስድሳ አንድ ፈረስ ይዘህ አንድ አህያ እንኳ የለህ! ሽጥና ተገላገል።»

«የሟች ሚስት ስትመጣ ምን ልበላት?»

«ባሕር ዳር ወርደሽ አልቅሺ በላታ!»

ሳቁ። የአበረ ሳቅ ግን ቶሎ ጠፋ።

ረቡዕ ጠዋት ካርዶቹን ለገዢው ሲያዘጋጅ «መብረቅ» የሚል አገኘ። ገልብጦ ሲያየው ጋላቢው ኪዳኑ ነው። ክው አለ። ታዲያ ለእናትነሽ የሰጠው ማንን ነው? ኪዳኑ በዚያው ዘመን መብረቅን ለሌላው ጋላቢ ለይሄነው ሸጦለት ነበር፤ ፈረሱ ከሁለቱም ጋር በዚያው ስም ፎቶ ተነሥቷል። አበረ ጀርባውን አንብቦ ፊቱን ሳያይ የሰጠው የይሄነውን ካርድ ነው። ይሄነው ደግሞ ገና አሁን በባጃጅ ሲያልፍ እጁን አውለብልቦለታል!

በቁሙ ሊለቀስለት ነው። የኪዳኑ አርባ ዛሬ ነው።

ስፌቱን መኪናው ላይ እንደተወ፣ የኪዳኑን ካርድ ይዞ እናትነሽ ወደሚኖሩበት ወደ አዲስ ቅዳም በሚሄደው ሚኒባስ ተሳፈረ። ስልክ ሞከረ፤ ኔትወርክ የለም። «ጊዮርጊስ፣ አንተ ቅደምልኝ» እያለ ደረሰ። ከድንኳኑ አንዷ በአገውኛ ሙሾ ታወርዳለች። እናትነሽ ግን ፎቶውን መልሰው በላስቲኩ ጠቅልለው ጉልበታቸው ላይ እንደያዙ ተቀምጠዋል።

«አላወጡትም?» አለ በሹክሹክታ።

«ፈረሱ የእኛው መብረቅ ነው፤ ሰውዬው ይሄነው ነው። ባሌን አላውቅም መሰለህ?»

«ታዲያ ቢያስጠሩኝስ?»

«ማንን ልኬ? ይህን ሁሉ ቸርነት አድርገህልኝ ሰው ፊት ላዋርድህ? እግዜር ያመጣዋል ብዬ ጠበቅሁ።»

ትክክለኛውን ሰጣቸው። ጉንጫቸው ላይ ለጥፈውት ሲነሡ ድንኳኑ በአንድ አፍ አለቀሰ።

ሐሙስ ሱሪዬን ልወስድ ስሄድ ይህን ሁሉ ያጫወተኝ አበረ ራሱ ነው።

«አልሸጥም» አለኝ። «ሰዎቹን እያወቅሁ እኔ እንኳ ከተሳሳትኩ፣ ባሕር ዳር ማን ሊለያቸው ነው? ጣሪያውን ላስቲክ አለብሰዋለሁ። ግን እኔስ ብሞት?»

ቆርቆሮውን ከፍቶ ወደኔ ገፋው፤ እስክሪብቶም ከመሳቢያው አወጣ።

«ወንድሜ፣ ፊደል እቆጥራለሁ እንጂ ጽሕፈቴ ለሰው አይነበብም። አንተ ከመጽሐፍ ጋር የምትውል ነህ። የጋላቢዎቹን ስም ልንገርህ፣ በየጀርባቸው ጻፍልኝ። የማላውቀው ካለ ይሄነውን እንጠይቀዋለን፤ ተመስገን፣ እሱ አሁንም አለ።»