የተቆረጠው የሥዕል ግርጌ

ኤልዊን ክራንዳልን በስምንት ዓመቱ ፖሊዮ ጣለው። ሎስ አንጀለስ ውስጥ ብዙ ልጆች የታመሙበት ዘመን ነበር። አንድ ዓመት ሙሉ እግሮቹ በጀሶ ታስረው ሆስፒታል በጀርባው ተኛ። አንድ ጠዋት አጠገቡ የነበረውን ልጅ አልጋ ባዶ ሆኖ አገኘው፤ ማንም ምንም አልነገረውም። ቅዳሜ ቅዳሜ አንዲት ነርስ ግድግዳው ላይ አንሶላ ሰቅላ አጫጭር የካርቱን ፊልሞች ታሳያቸው ነበር። ግራ እግሩ ቀጥኖ ቢቀርም ከሞት ተረፈ።

አድጎ ግሌንዴል ውስጥ ጫማ ጠጋኝ ሆነ። ሱቁ ከእኔ የጎማ መጠገኛ ጋር በአንድ ግድግዳ ስለሚገናኝ ለረጅም ዘመን አውቀዋለሁ። ንጹሕና ዝምተኛ ሰው ነበር። ያለው አንድ አመል ነው፤ የድሮ ካርቱኖች የተሠሩባቸውን የእርሳስ ሥዕሎች መሰብሰብ። ስቱዲዮዎቹ ፊልሙ ካለቀ በኋላ ወረቀቱን እንደ ቆሻሻ ይጥሉት ነበር። የተረፈውን ኤልዊን ሠዓሊዎቹ ሲሞቱ ቤተሰቦቻቸው ጋራዥ ደጅ ላይ ዘርግተው ከሚሸጡት ዕቃ መሀል ይለቅማል።

"ዛሬ ደግሞ የማንን ቆሻሻ አመጣህ?" እለዋለሁ።

"አንተ ያረጀ ጎማ ከምረህ ስትውል እኔ ምን ተናገርኩህ?"

አንድ እሑድ ሙሉ ሣጥን አገኘ። ነፋስ ባርኔጣዋን የወሰደባት ዝይ ስትሮጥ የሚያሳዩ ሥዕሎች ናቸው፣ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ። ፊልሙ ራሱ መጋዘን ውስጥ ተቃጥሎ ጠፍቷል። ከዝይዋ የቀረው ያ ሣጥን ብቻ ነበር።

የወረቀቶቹ ግርጌ ግን ቆሽሿል፣ ተበስቷል፣ ቁጥር ተሞነጫጭሮበታል። የጫማ ጠጋኝ እጅ ደግሞ ያልተስተካከለ ጠርዝ አይወድም። የቆዳ መቁረጫውን ስሎ የሁሉንም ግርጌ ቆረጠና አልበም ውስጥ ከተታቸው። ቁራጩን ከቆዳ ፍርፋሪ ጋር ጠርጎ ጣለው። አምጥቶ ሲያሳየኝ እኔም "አሁን ሰው መሰሉ" አልኩት።

በመጋቢት ዝይዋን የሣለው ሠዓሊ ሚስት የነበሩት ሚስስ ዶሮቲያ ፔልማን ወሬውን ሰምተው ሱቁ መጡ። ዕድሜያቸው ሰማንያ አልፏል። ከቦርሳቸው ሦስት ጥርስ ያለው የእንጨት ሰሌዳ አወጡ።

"የቨርነን ነው፣ የባሌ። ግርጌ ላይ ያሉት ቀዳዳዎች እዚህ ጥርሶች ላይ ይሰካሉ። ሥዕሎቹ ልክ በልክ ይደራረቡና በጣትህ ስታገላብጣቸው ትሮጣለች። ዓይኔ እየጨለመ ነው፣ የኔ ልጅ። ሳይዘጋ አንዴ ስትሮጥ ልያት።"

ኤልዊን ሃምሳን ያለፈ ሰው ነው፤ እስከ ጆሮው ቀላ።

"እዚህ የሉም፣ ሚስስ ፔልማን። ለአንድ ሰው አውሼያቸዋለሁ" አለ። አልበሙ ከጀርባው መደርደሪያው ላይ ነበር።

በሩ ላይ ቆሜ ስሰማ ስለነበር፣ ሲወጡ "ለምን አትነግራቸውም?" አልኩት።

"ምን ብዬ? የባልዎን ሥራ እንደ በግ ሸለትኩት ልበላቸው?"

በሐምሌ ተመልሰው መጡ። "ሰውየው ከከተማ ወጥቷል" አላቸው። ያን ዕለት ሱቁን በጊዜ ዘጋ። ከዚያ ወዲህ የእሑድ ፍለጋውን ተወ። ሰብሳቢ ጓደኞቹ ሲደውሉለትም ስልክ አያነሳም።

በጥቅምት አልበሙን ታቅፎ "ውሰደኝ" አለኝ። ቤታቸው ድረስ ነድቼ ወሰድኩት። ሚስስ ፔልማን በሩን ሲከፍቱ የሚያዩት ወደ ሁለታችን ሳይሆን በመሀላችን ወደ ባዶው ነበር።

"ማነው?"

"ኤልዊን ነኝ፣ ጫማ ጠጋኙ። ዋሽቼዎት ነበር። ሥዕሎቹ ከእጄ ወጥተው አያውቁም። ግርጌያቸውን ቆርጬ ጥያለሁ፤ ቀዳዳዎቹ የሉም።"



"ቨርነን ቢኖር እርሳሱን አፍንጫህ ውስጥ ይሰካልህ ነበር" አሉ። "ግቡ።"

ኤልዊን ጠረጴዛው ላይ ወረቀቶቹን ማዕዘን ከማዕዘን እያገጣጠመ ደረደረና በጣቱ አገላበጠ። ሚስስ ፔልማን አፍንጫቸው ወረቀቱን ሊነካ ጥቂት እስኪቀረው ጎነበሱ።

"ለእኔ ጭጋግ ነው። አንተ ንገረኝ፤ እየሮጠች ነው?"

አንድ "አዎ" ይበቃ ነበር። እኔ ብሆን እላቸው ነበር።

"አትሮጥም፣ ሚስስ ፔልማን። ትንቀጠቀጣለች። ባርኔጣዋ ወደ ላይ ይዘላል፣ እግሯ ወደ ጎን ይሸሻል። እኔ ነኝ ያበላሸኋት።"

"እንግዲያው ዝጋው" አሉ።

አልበሙን እዚያው ትቶላቸው ወጣ።

ከዓመታት በኋላ ስለ እሱ ልጽፍ አስቤ በሕይወቱ ትልቁ ነገር ምን እንደነበር ጠየቅኩት። ስለ ሕመሙ ወይም ስለ ስብስቡ ያወራኛል ብዬ ነበር።

"የቆረጥኩት ባለማወቅ ነው ብዬ ራሴን ማባበል እችላለሁ" አለኝ። "በመጋቢት ሲመጡ ግን ዓይን ነበራቸው። ዝይዋ ባትሮጥ እንኳ የባላቸውን የእርሳስ መስመር ያዩት ነበር። አልበሙ ከጀርባዬ ነበር፣ እጄን መዘርጋት ብቻ ነበር የሚጠበቅብኝ። እንዳላፍር ብዬ ብርሃናቸው እስኪጠፋ አቆየኋቸው። ትልቁ ነገር እሱ ነው። እሱን ጻፈው፤ ሌላውን ብትተወው ቅር አይለኝም።"